ማንነት የማይጠይቀው ሰርቨር

የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ አለቃዋን ለመናቅ አንድ ሳምንት በቅቷታል። ሠራተኛው በሽሙጥ "ሊቁ" ይለዋል፤ እሱ ግን ሙገሳ መስሎት ደረቱን ይነፋል።

የሆስፒታሉ ስልኮች ሲበሩ ቅንብራቸውን፣ ማለትም የትኛው ጥሪ የት እንደሚጮህ የሚወስነውን ፋይል፣ የሚያመጡት ከአንድ ሰርቨር ነው። ፋይል የሚተላለፍበት ፕሮቶኮል ከቅለቱ የተነሳ ማንነት አይጠይቅ፣ የይለፍ ቃል አያውቅ፤ የፋይሉን ስም የጠራ ሁሉ ይወስዳል። ሊቁ ደግሞ ለራሱ እንዲቀለው ብሎ መጻፍንም ለሁሉም ፈቅዷል።

"አለቃ፣ ማንም ገብቶ ፋይሎቹን ሊቀይርብን ይችላል" አለችው።

"የፋይሎቹን ስም በምን አውቆ? ሰርቨሩ እንደሆነ ዝርዝር አይሰጥ!"

የጠረጴዛውን ስልክ ገለበጠችው። የፋይሉ ስም ከሥሩ ተለጥፏል።

"እና ማን ሥራ ፈቶ ስልክ ሲገለብጥ ይውላል? አንቺ ልጅ፣ ነገር ታበዣለሽ" ብሎ ሳቀባት።

ሥራ ፈቺው ለመምጣት ሁለት ወር አልፈጀበትም። ለእናቱ ቀጠሮ ለማስያዝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደውሎ የሚያነሳለት ያጣ ሰው ነበር። በአካል ቢመጣም የቀጠሮ ሠራተኛዋ ለምሳ ወጥታለች። ስልኳን ገልብጦ አየ፤ ላፕቶፑን የመጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ካለው የኔትወርክ ሶኬት ሰካ፤ ፋይሉን አውርዶ አስተካከለና መልሶ ጫነው። ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀጠሮ ፈላጊ በደወለ ቁጥር የሚጮኸው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ስልክ ሆነ።

ዳይሬክተሯ እስከ ማግስቱ ምሳ ሰዓት መቶ ሰባት በሽተኛ አነጋገረች። ከዚያ ሊቁንና ባለሙያዋን አስጠራቻቸው።

"እጅግ የተራቀቀ የሳይበር ጥቃት ነው!" አለ ላቡን እየጠረገ። "የውጭ እጅ አለበት።"

ባለሙያዋ ሳቋ አመለጣት። "ምን የውጭ እጅ አለው? የሰርቨሩ መዝገብ ላይ የመጠበቂያ ክፍላችን ሶኬት ነው የሚታየው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ በቃ።"

ሊቁ ገላመጣት። ዳይሬክተሯ ግን "ዛሬውኑ አስተካክዪው" አለቻት። ባለሙያዋ የመጻፍ ፈቃዱን ዘጋች፤ የመጠበቂያ ክፍሉን ሶኬቶች ከኔትወርኩ ነጠለች፤ ስልኮቹንም ማንነት ወደሚያረጋግጥና ወደሚመሰጥር መንገድ ማዛወር ጀመረች። የሰውየውን እናትም በዚያው ሳምንት ሐኪም አየቻቸው።

በወሩ ሊቁ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ "ጥቃቱን እንዴት እንደመከትኩት" የሚል ገለጻ ሰጠ። ተጨበጨበለት። ባለሙያዋ ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ ገና አርባ ስልክ ይቀራት ነበር።