ከላፕቶፑ የገቡ እንግዶች

ወለተሩፋኤል የልጇን ጉዞ ባሰበች ቁጥር እህል አልወርድላት ይላል። ልጇ ዝማሬ በከተማቸው መሐል ፒያሳ ባላት ትንሽ ሱቅ የጥልፍ ቀሚስ ትሸጣለች፤ የምትጠልፈው እናት ናት። አዲስ አበባ ያለ አንድ የባህል ልብስ ድርጅት ሥራቸውን በፎቶ አይቶ ወዶታል። «በቪዲዮ ተነጋግረን ካልተግባባን ግን ናሙናውን ይዘሽ መምጣትሽ ነው» ብሏታል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ የሚወራበትም ወሬ ሸጋ አይደለም።

«ምነው፣ እነሱ አይመጡም?»

«ይመጣሉ እንጂ እማ! ዛሬ በዚህ ላፕቶፕ ይመጡልሻል። ከተስማማን ከሰፈራችን ከቁስቋም ንቅንቅ አልልም።»

ወለተሩፋኤል ይመጣሉ ከተባለ ብላ ቤቱን ጠረገች፤ ነጭ ነጠላዋን ለበሰች፤ ዳቦ ቆርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ዝማሬ ሳቀች። «ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለእንግዶቹ ነዋ! ባይበሉትም ባዶ ጠረጴዛ አይዩብኝ።»

ላፕቶፑ ላይ መጀመሪያ ብቅ ያለችው የድርጅቱ የግዢ ኃላፊ ዓይናለም ናት። ወለተሩፋኤል ብድግ አለች። «ኖር!» አለች። የዓይናለም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ቀጥሎ ፊት የሌለው ጥቁር ሳጥን መጣ፤ ከሥሩ ስም ተጽፏል። ወለተሩፋኤል በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከለየች ወዲህ ያገኘችውን ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም። ቀስ ብላ «ኪ… ዳ… ነ… ማር… ያም» አለች።

«የድርጅቱ ባለቤት ናቸው» አለች ዝማሬ በሹክሹክታ።

«ኖር! ኖር አያ!» አለች እናት አሁንም እንደቆመች።

«እማ፣ ተቀመጪ እንጂ!»

«በእግዜር ሳይሉኝ?»

«ድምፁ እኮ ተዘግቶ ነው!»

«እስኪከፈት እቆማለሁ። ቤቴ ሰው ገብቶ ቁጭ የምል ባለጌ ነኝ?»

በዚህ መሐል ድምፁ ተከፈተ። «ዝማሬ፣ የሚታየን ራስ የሌለው የቆመ ቀሚስ ብቻ ነው። አሻንጉሊት ላይ አልብሰሽው ነው?» አለች ዓይናለም።

የዝማሬ ፊት ቀላ። «አሻንጉሊት አይደለም፤ እናቴ ናት። ኖር ብላላችሁ መልስ እየጠበቀች ነው።»

ከዚያ ጥቁሩ ሳጥን በራ። አንድ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተው ታዩ።

«በእግዜር! በእግዜር እህቴ፣ ይቀመጡ! አፈር ልብላ! የእናንተው አገር የማክሰኝት ልጅ ሆኜ ፊቴን ሸፍኜ ሰው ቤት እገባለሁ?»

ወለተሩፋኤል ተቀመጠች።

ወደ ሥራው ተገባ። «ጥልፉ ያምራል» አለች ዓይናለም። «ችግሩ፣ ከሌላ ቦታ የገዛነው ሲታጠብ ቀለም እየለቀቀ ደንበኛ አስቀይሞብናል። ይህን ደግሞ በስክሪን ማወቅ አይቻልም። ዝማሬ ብትመጣ ይሻላል።»

ወለተሩፋኤል የአውቶቡሱ ጥሩምባ የተሰማት መሰላት። ዘላ ተነሣች። ውሃና ሳሙና በሳህን ይዛ መጣች፤ የናሙናውን ቀሚስ ጥልፍ ነክራ ታሸው ጀመር።

«እማ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

ወለተሩፋኤል ርጥቡን ጥልፍ በገዛ ነጭ ነጠላዋ ላይ አጥብቃ ጨመቀችው።

«ነጠላሽ!»

«ልጄን መንገድ ላይ ከምጥላት ነጠላዬ ይበላሽ!»

ነጠላውን አንሥታ ላፕቶፑ ላይ ለጠፈችው።

«ወደ ኋላ እናቴ፣ ወደ ኋላ! ምንም አይታይም!» አለች ዓይናለም እየሳቀች።

ወደ ኋላ አለች። ነጠላው ርሷል፤ ቀይም አረንጓዴም ግን አልነካውም። ዓይናለም ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አየች። ጥልፉን ከውስጥ በኩል ገልብጪው አለቻት፤ ተገለበጠላት። ከዚያ ባለቤቱን አየቻቸው።

«እኔ አምኛለሁ» አለች።

«በቃ!» አሉ ኪዳነ ማርያም። «ውሉን እንልካለን፤ ልኩንም ቀለሙንም በዚሁ እየተያየን እንጨርሳለን። ልጅቷ ሱቋን ዘግታ፣ ለአልጋና ለትራንስፖርት ከፍላ ምን አንከራተታት? እኛም የሥራ ቀናችን አይባክንም። ሰኞ እንገናኝ።»

ስክሪኑ ሲጠፋ ዝማሬ ርጥቡን ነጠላ ከነእናቷ አቀፈችው።

«አልሄድም እማ! አልሄድም!»

ወለተሩፋኤል ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ቆይታ ግን ፊቷ ጨፍገግ አለ።

«ሰኞ ኔትወርክ ቢጠፋስ?»

«ይመለሳል።»

«መብራትስ?»

«እሱም ይመለሳል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ሱቄ ነኝ። ምሳዬን ታመጪልኛለሽ።»

ወለተሩፋኤልም ለሰኞ ምን ወጥ እንደምትሠራላት ማሰብ ጀመረች።