ከደሙ በፊት ውሃው

ጭርርር... ቀጭ። ጭርርር... ቀጭ።

ፊልም ስጠቀልል ዓይኔን እጨፍናለሁ። ፊልሙ በጣቶቼ መካከል እያለፈ ድሮ ተበጥሶ የተጣበቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ይሄ በዓይን ከሚፈለግ በጆሮ ቢሰማ ይቀላል። የዚያን ዕለት ጠዋት አሥራ አራት ቆጠርኩ። ጥቅሉ ሲያልቅ ዓይኔን ገለጥኩና የፊልሙን ጫፍ ወደ አምፖሉ አስጠጋሁት። ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጥቁር ክፍል ላይ «4» የሚል ቁጥር ታትሟል። የቆርቆሮ ሣጥኑ ክዳን ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው ግን «3» ነው።

ሌላውን ሣጥን ከፈትኩ። ክዳኑ «4» ይላል፤ ፊልሙ «3»።

በሲኒማ ቤታችን ፊልም የማሳየው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሥራውን ከአጎቴ ተረከብኩ፤ ይኸው ስድስት ዓመቴ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለት ማሽን፣ አንድ የመጠቅለያ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ወደ አዳራሹ የሚያሳዩ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች፤ በቃ። ሰው አይመጣብኝም፤ እኔም ሰው አላበዛም። ታች ትኬት የምትሸጠው እትዬ መቀስ ናት። ስሙ የወጣላት በትኬቱ አይምሰላችሁ፣ የሰው ወሬ መሃል ላይ ስለምትቆርጥ ነው። «አንተ ደመና! አንዳንዴ እንኳ ወርደህ ሰው ምሰል እንጂ!» ትለኛለች።

ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፌያለሁ። እኔ ሳልወለድ የታተመ ነው፤ ርእሱ «ከደሙ በፊት ውሃው» ይላል። የጻፉት ሐያሲ የወንጀል ፊልም የሥራ ፈት ማሳለፊያ ተብሎ በሚናቅበት፣ የተማረ ሰው ስሙን ሲሰማ አፍንጫውን በሚነፋበት ዘመን ብቻቸውን ጥብቅና የቆሙ ሰው ናቸው። «ባዶው ካፖርት» ስለሚባለው ፊልም እንዲህ ይላሉ፦

«ሴትየዋ ኩሽና ውስጥ ቆማ የባሏን ካፖርት ታጥባለች። አራት ደቂቃ ሙሉ ታጥባለች። ለምን እንደሆነ አናውቅም። ውሃው ሲጠቁር ጭቃ ይመስለናል፤ ድካሟን አይተን እናዝንላታለን። ኋላ ግድያውን ስናይ ያዘንነው ለማን እንደነበር ይገባናል። ሌሎቹ ደሙን አሳይተው ውሃውን ያስከትላሉ። ይህ ዳይሬክተር አስቀድሞ ውሃውን አሳየን፤ ፈራጅ ከመሆናችን በፊት አዛኝ አደረገን።»

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሰው እጁን ሲታጠብ ባየሁ ቁጥር ቆሜ አያለሁ። እትዬ መቀስ አንድ ቀን «ምን ታፈጥብኛለህ? ሳሙናህን አልበላሁ!» ብላኛለች።

እኔም እስከ ዛሬ የክዳኑን ቁጥር አምኜ ነበር የምጭነው። አሁን ግን የፊልሙ ቁጥሮች ከፊቴ ናቸው። እጥበቱ አራተኛው ጥቅል ላይ ነው፤ ግድያው ሦስተኛው ላይ። ዳይሬክተሩ እንደ ማንም ሰው ደሙን አስቀድሞ፣ ውሃውን አስከትሎ ነበር የሠራው።

ችግሩ ደግሞ ሐያሲው የዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምጣታቸው ነው። የዕድሜ ልክ ጽሑፋቸው በመጽሐፍ ሊወጣ፣ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የመጽሐፉ ርእስም ይኸው ግድግዳዬ ላይ ያለው ነው። ከዚያ በፊት ፊልሙን አንዴ ብቻቸውን ለማየት ሥራ አስኪያጁን አስፈቅደዋል።

ሁለቱን ክዳኖች በብብቴ ይዤ አጎቴ ቤት ሮጥኩ። በረንዳው ላይ የጎረቤት ካውያ ፈትቶ ብሎኖቹን በሰሃን ደርድሯል።

«አጎቴ፣ ‹ባዶው ካፖርት›... ሦስተኛውና አራተኛው ተገለባብጠዋል። ሐያሲው ደግሞ ዛሬ ሊያዩት ይመጣሉ።»

ቀና ብሎም አላየኝ። «አሁን ነው የደረስክበት? ስድስት ዓመት እዚያ ተጎልተህ?»

«ታውቅ ነበር?»

«እኔ ነኛ ያገለባበጥኩት!» አለና መፍቻውን አስቀመጠ። «ክዳኖቹ ዝገው ነበር። በላምባ አጥቤ፣ ቁጥሩን አድሼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ድስት ግጣሙን አያጣም ይላሉ፤ የኔዎቹ አጡት። እኔ ደግሞ ክዳኑን አምኜ፣ የፊልሙን ጫፍ ሳላይ ጫንኩት። ግድያ ስጠብቅ ሴትየዋ ልብስ ማጠብ ስትጀምር ላብ አጠመቀኝ። ላቁመው ብል ሕዝቡ ወንበር ይሰብራል። ዝም አልኩ። እሳቸው ደግሞ እዚያ መሃል ቁጭ ብለው ይጽፋሉ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሳምንቱ ጋዜጣው ወጣ። ሰልፉ እስከ መድኃኒት ቤቱ ደረሰ። ላስተካክለው ብዬ በትክክሉ ባሳይ ‹ውሃው የታለ? ገንዘባችንን!› ብለው ጮኹብኝ። መልሼ አገላበጥኩት። አሥራ አንድ ሳምንት! የቀሩት ሐያስያንም መጥተው ‹እውነትም ውሃው ይቀድማል› ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?»

«ለሳቸው እንኳ አትነግራቸውም?»

አጎቴ ከሰሃኑ አንድ ብሎን አነሳና በጣቱ አሽከረከረው። «አንድ ቀን ደረጃውን ወጥተው ጨበጡኝ። ከደስታ ብዛት እጄን አልለቅ አሉ። ‹ያደነቁት የኔን ስሕተት ነው› ልበላቸው? አንተ ትላለህ?» ብሎኑን ወደ ሰሃኑ መልሶ «እንደ ድሮው አሳያቸውና ይሂዱ። አርጅተዋል» አለኝ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ባርኔጣ አድርገዋል፣ በብብታቸው አቃፊ ይዘዋል። ወደ አዳራሹ ከመግባታቸው በፊት እኔ ጋ ወጡ።

«ከባለቤቱ በፊት ፊልም አሳዪውን ሰላም ማለት ልማዴ ነው» አሉ እያለከለኩ። ከዚያ ግድግዳውን አዩ። «ይህን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አንብበኸዋል?»

«በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ሳቁ። «እኔ እንኳ በቃሌ አልያዝኩትም። አየህ ልጄ፣ ይህን ፊልም ‹የሌባና ፖሊስ ድብብቆሽ› ብለው ሲሳለቁበት ብቻዬን ነው የተሟገትኩለት። ብዙ ጽፌያለሁ፤ ግማሹን ዛሬ ባልጻፍኩት እላለሁ። ይህችን ግን አልልም። ስሕተት ይዛ ማተሚያ ቤት እንዳትገባ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወርደው መሃል ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እኔም አንደኛውን ጥቅል ለቀቅኩ።

ሁለተኛው ጥቅል እየሄደ ሳለ ቀጣዩ ባዶው ማሽን ላይ መጫን አለበት። አራተኛውን አንስቼ ጫንኩ። ለአጎቴም፣ ለሳቸውም፣ ለግድግዳዬም የሚበጀው እሱ ነው። ግን «ስሕተት ይዛ እንዳትገባ» ያሉት ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። የኔን ዝምታ ጨምረው ሊያሳትሙት ነው። አራተኛውን አወረድኩ። ጊዜ አልነበረኝም፤ ሦስተኛውን ጫንኩና በመስኮቱ የሸራውን ቀኝ ጥግ አየሁ። የመቀየሪያዋ ክብ ምልክት ብልጭ ስትል ማሽኑን ቀየርኩ።

ግድያው መጣ። ታች እስክሪብቷቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቆመ። ሽማግሌው አልዞሩም፣ አልተነሡም። እጥበቱ በተራው ሲመጣ አራት ደቂቃው ረዘመብኝ። ምን እንደምታጥብ አውቀነዋል፤ ታጥባ ብትጨርስ ይሻል ነበር።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሳበራ አቃፊያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«እጥበቱ ያለበት ጥቅል የትኛው ነው?»

ሰጠኋቸው። ጫፉን ስበው አምፖሉ ላይ አዩት፤ ቀጥሎ የጠረጴዛውን ሣጥኖች አንድ በአንድ አዩ። አንድ ክዳን አንሥተው ገልበጥ አደረጉና መልሰው አስቀመጡት። ዕድሜ ልካቸውን ከፊልም መርማሪዎች ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም።

«ያኔ ማሽኑ ላይ ማን ነበር?»

«አጎቴ ነው።»

«ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ካውያ ይጠግናል።»

«ዳይሬክተሩን አመሰገንኩ ስል አጎትህን ነዋ ያመሰገንኩት» አሉ። ቀልድ ይሁን ምሬት አልለየሁም፤ ስለዚህ አልሳቅኩም።

«ጋሼ፣ እኔ ፊልም ማየት የተማርኩት ከዚያ ጽሑፍ ነው።»

«ከሌለ ነገር?»

«ያኔ ነበረ። አሥራ አንድ ሳምንት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነበረ። ሰው አይቶታል።» ከዚህ በላይ አፌን ከፍቼ ለታላቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ጆሮዬ ጋለ።

 አቃፊያቸውን ይዘው ከበርጩማው ተነሡና «አራተኛውን አሳየኝ። ከዚያ ሦስተኛውን» አሉኝ።

ወደ አዳራሹ አልወረዱም። ሁለተኛው መስኮት ላይ ግንባራቸውን መስታወቱ እስኪነካ አስጠግተው ቆሙ። እኔም በኔው መስኮት አየሁ። ሴትየዋ ካፖርቱን ነከረች። ውሃው ጠቆረ። ሁሉን እያወቅኩ አሁንም አሳዘነችኝ፤ እጅጌዋ ረጥቦ ክንዷ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ በትከሻዋ ጉንጯን ስትጠርግ።

ወደሳቸው ዞር አልኩ። ጽሑፉን ከአቃፊው አውጥተው፣ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ይዘዋል። ወረቀቱን ግን አያዩትም፤ የሚያዩት ሴትየዋን ነው። ካፖርቱን ጨምቃ ወደ ብርሃኑ ስታነሳው የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጠሙ፤ አንድም ቃል አልሰረዙም፣ አልጨመሩም። ወረቀቶቹን ወደ አቃፊው መለሱ። ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ተዘጋጅቷል» አልኳቸው።

በሩን ከፍተው ወረዱ።

«ውይ፣ ጋሼ! ወዴት ነው? ገና እኮ አላለቀም!» ስትል እትዬ መቀስን ከታች ሰማኋት።  የውጭው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ።