ከብርማው ሸማ ሥር

ሠርጋቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ የጥሪ ካርዱም ታትሟል። የድምፅ ባለሙያው ቶማስ በእጮኛው በትሕትና ቀንቶ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

ፊልሙ የሚቀረጸው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ሸማኔዎች ለቀውት በሄዱት አዳራሽ ውስጥ ነው። በፊልሙ ታሪክ ሞት ከሌለበት ዘመን የመጣ ሰው የዛሬን ሴት ይወዳል። ሰውየው የማንም ልብ ስንት ምት እንደቀረው ይሰማል። እሷ እሱን ባየች ቁጥር ልቧ ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ዕድሜዋ ያጥራል። ትቷት ካልሄደ ፍቅሩ ራሱ ይገድላታል።

ሴትየዋን የምትጫወተው ትሕትና ናት። የምትለብሰው ብር ጥለት ያለው ወፍራም ሸማ እየተንኮሻኮሸ ቀረጻውን ስላበላሸ፣ ቶማስ ትንሿን ማይክ ደረቷ ላይ በፕላስተር እንድትለጥፍ ነገራት። ንግግሯ ጠራ። ከንግግሯ ሥር ግን ሌላ ድምፅ መጣ፤ የልቧ።

መሪ ተዋናዩ ዘርዓብሩክ እጇን ሲይዛት ልቧ ሮጠ። ቶማስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ ቆጠረ፤ በደቂቃ መቶ አሥራ ሁለት። ዘርዓብሩክ ያን ያህል ቆንጆ አይደለም ብሎ ራሱን ለማሳመን ሞከረ። ቀና ብሎ አየውና ተወው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልሰማ አለው። ሁለቱ ሻይ ይዘው ሲሳሳቁ ያያል፤ ለምሳ ሲጠሩት «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሊያድላቸው የያዛቸው ካርዶች ከቦርሳው አልወጡም። ሠርጉን ስለማፍረስም ማሰብ ጀምሯል።

«ለአክስቴ ካርዱን ሰጠሃት?» አለችው ትሕትና ዓርብ ዕለት።

«እ... ነገ።»

«ትናንትም ነገ ነበር። ምን ሆነሃል አንተ?»

«ምንም።»

ቢሆንም ቶማስ በአንድ ልኬት የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ድምፅ ሲበላሽበት መሣሪያውን አይጥልም፤ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሮ ያያል። ቅዳሜ ዳይሬክተሯን ቦንቱን «ማይኩን ልፈትሽበት፣ ትዕይንቱን ከሌላ ሰው ጋር ትድገምልኝ» አላት። በዘርዓብሩክ ቦታ ዘበኛው ጋሽ ደበላ ቆሙ። ዱላቸውን አላስቀመጡም።

«ልጄ፣ ሞት ከሌለበት አገር መጣሁልሽ» አሉ፣ የተነገራቸውን እያስታወሱ። «መንገዱ ግን ዳገት ነው።»

ሁሉም ሳቀ። ትሕትና አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መቶ አሥራ አራት።

በጋሽ ደበላ መቅናት አልቻለም። ሞክሮም ነበር።

ሰዎቹ ለሻይ ሲወጡ ማዳመጫውን ሳያወልቅ፣ መቅጃውንም ሳያጠፋ ሄዶ እጇን ያዘ። የልቧ ድምፅ እየረገበ መጣ። ስድሳ ስምንት።

«ለእሱ መቶ አሥራ ሁለት፣ ለዘበኛው መቶ አሥራ አራት» አለ። «ለእኔ ስድሳ ስምንት?»

ማዳመጫውን አየች፤ ከዚያ ደረቷን ነካች። «ልቤን ስትቆጥር ነው የከረምከው?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ።»

«እዚያ እኮ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቶሚ። ካሜራ ሲያየኝ እፈራለሁ፤ ፊት ለፊቴ ዛፍ ቢያቆሙም እንደዚያው ነው። ካንተ ጋር ምን ያስፈራኛል?»

«ትንሽ እንኳ ከፍ ቢል ምን አለ?»

«አሁን ተናድጃለሁ። ቁጠረው።»

ቆጠረው። ዘጠና ስድስት።

«በቃ፣ ደስ ይበልህ» አለችና እጇን መንጭቃ ወጣች።

ካርዶቹ እሑድ ታደሉ። የዘርዓብሩክ ከሁሉም በኋላ ደረሰው።

ቦንቱ ሴትየዋ ለምትሞትበት ትዕይንት ዝግ ያለ የልብ ድምፅ ስትፈልግ፣ ቶማስ ቅዳሜ የቀዳውን ሰጣት። በፊልሙ መጨረሻ ዘርዓብሩክ ጆሮውን በትሕትና ደረት ላይ አድርጎ ያዳምጣል። የሚሰማው ልብ ቶማስ እጇን በያዘበት ሰዓት የመታው ነው፤ በደቂቃ ስድሳ ስምንት።