የጋሽ ለምሳሌ ክልከላ

ተማሪዎቹ «ጋሽ ለምሳሌ» ይሉታል፤ እርግጥ በሌለበት ነው። ለአዋቂዎች ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ ያስተምራል። አንድ ቃል በተነሳ ቁጥር «ለምሳሌ» ይልና የቤቱን ጉድ አደባባይ ያወጣዋል። «መፍራት» የሚለውን ቃል ሲያስተምር፣ ሟች ሚስቱ አይጥ ባየች ቁጥር ወንበር ላይ ትወጣ እንደነበር ተናገረ። «መደበቅ» ላይ ሲደርስ ደግሞ ወንድሙ ውስኪውን የት እንደሚሸሽግ አጋለጠ። አንድያ ልጁማ ምኗ ቀረ! ጥርሷን ስትቀይር፣ ፈተና ስትወድቅ፣ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ስትይዝ ክፍሉ በሙሉ በዓረፍተ ነገር ተከታትሏታል። እሱ የማስተማሪያ ዘዴ ነው ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሐሜት ነው፤ ግን ተማሪ አይረሳውም።

ያን ቀን ተራው የ«ፎርቢድ» ነበር፤ የመከልከል።

«ፕሮሂቢትም መከልከል ነው፤ ግን የግድግዳ ቃል ነው» ብሎ ጀመረ። «"ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ታፔላ ታያላችሁ አይደል? ማን እንደከለከላችሁ አታውቁም፤ እሱም እናንተን አያውቃችሁም። ፎርቢድ ግን ፊት አለው። የሚከለክልህን ሰው ታውቀዋለህ፤ አባትህ ነው፣ ሐኪምህ ነው። በሰው ላይ ሥልጣን የሌለው ሰው ፎርቢድ ቢል ይሳቅበታል።»

«ቲቸር፣ ሐኪሜ ጨው ከልክሎኛል። እሱ ፎርቢድ ነው?» አሉ ከኋላ የተቀመጡት ዘበኛ።

«እንዴታ! ታዲያ ጨው አቆሙ?»

«ኧረ ወዲያ!» አሉ ዘበኛው፤ ክፍሉ ሳቀ።

ሰውየው ሳቅ ሲሰማ ራሱን አይችልም። ደግሞ በዚያ ጠዋት ሆዱ ቆስሏል። ቁርስ ላይ ልጁ «አባዬ፣ የማገባውን ሰው አግኝቻለሁ» ብላው ነበር። ማን ነው ሲላት፣ መካኒክ ነው። እናት የሌላትን ልጅ ፀጉሯን ራሱ እየጎነጎነ፣ ማታ ማታ እያስጠና ያሳደጋት ለመካኒክ ነው? «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ንዴቱ ቀኑን ሙሉ አልበረደለትም።

«ለምሳሌ» አለና ጠመኔውን አነሳ። የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙም «ልጄ መካኒክ እንዳታገባ እከለክላታለሁ» ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ግን ሞቅ አለው። «ጥፍሩ ሥር ግሪስ ያለው ሰው ወንበሬ ላይ እንዳይቀመጥ እከለክላለሁ» ብሎ ጨመረ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የካፌ አስተናጋጅ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሲስቅ ጊዜ ሦስተኛውን ደገመ፦ «እናቱም ከደጄ እንዳታልፍ እከለክላታለሁ።»

መስኮቱ ሥር የሚቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ናቸው፤ ትምህርቱን ከጀመሩ ገና ጥቂት ሳምንታቸው ነው። ቀድመው ይመጣሉ፣ ወንበራቸውን በሶፍት ጠርገው ይቀመጣሉ፣ ሲሳሳቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ።

«ቲቸር፣ ያደገ ሰውም ፎርቢድ ይደረጋል? ለራሱ የሚያውቅ፣ ሥራ ያለው?»

«ወላጅ እስካለው ድረስ ይደረጋል፣ እናቴ!»

«ይሰማል?»

«አክባሪ ልጅ ከሆነ ይሰማል።»

«ገባኝ» አሉ።

ከዚያ ሁሉንም ተራ በተራ አስነበባቸው። ለሴትዮዋ ሦስተኛው ደረሳቸው። ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል፣ አንድም ሳይስቱ አነበቡት። «እናቱም ከደጄ እንዳታልፍ እከለክላታለሁ።»

«ግሩም ነው! አጨብጭቡላቸው!» አለ መምህሩ። ተጨበጨበላቸው።

ማታ እራት ላይ ልጁ እንዳኮረፈች ነበረች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ አንዱ ሲያኮርፍ ማንኪያው እንኳ ይጮኻል። ሊያስታርቃት ፈለገ፤ የሚያውቀው መንገድ ደግሞ ማሳቅ ብቻ ነው። «ዛሬ ክፍል ውስጥ አንቺን ምሳሌ አድርጌሽ...» ብሎ ጀመረና ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር አወረደላት።

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ሴትዮ ነበሩ?»

«የልብስ ማጠቢያዋ? አዎ፣ እንዲያውም እሳቸው ናቸው አሳምረው ያነበቡት። አንቺ በምን አወቅሻቸው?»

«አባዬ፣ እናቱ ናቸው።»

እሱም ማንኪያውን አስቀመጠ።

«"አባትሽን ሳላውቅ ልጄን እንዴት ወደ ቤታችሁ እሰዳለሁ" ብለው ነው የተመዘገቡት» አለች። «እንዳልነግርህ አስማሉኝ። ሰው መታየቱን ካወቀ ይለወጣል፣ እንዳለ ልየው አሉ። ትናንት ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? "አባትሽ ደግ ሰው ነው። ስሳሳት አንድ ቀን ስቆብኝ አያውቅም። በእኔ በኩል ጨርሻለሁ፣ ንገሪው" አሉኝ። ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት የነገርኩህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ስድቡስ ስድብ ነው፤ ያላስተኛው ጭብጨባው ነበር። እኚያን ሴት ራሳቸውን በራሳቸው አሰድቦ አስጨበጨበላቸው! በደለኛ መሆኑን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም።

ሲነጋ ልጁን ቀሰቀሳትና «አግቢው» አላት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ። ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።» ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እንደ ልጅነቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ መልሳ ደግሞ ሳቀች። «አይቀየሙህም፣ ሰው ይወዳሉ» እያለች ኮቱን ራሷ አለበሰችው።

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። በሩን ሲከፍት እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነው። ማሽኖቹ ያጓራሉ፤ ወለሉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተከምሯል። ሴትዮዋ ብቻቸውን አንድ ትልቅ አንሶላ ለማጠፍ ይታገላሉ፤ አንሶላ ደግሞ ለአንድ ሰው አይታጠፍም። ሳይጠየቅ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። እሳቸውም አልከለከሉትም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ። የልጁ እናት መሆንዎን አላወቅኩም ነበር።»

«ሳብ ያድርጉት፣ ይጨማደዳል» አሉ። ሳብ አደረገው። «አለማወቅዎማ ነው የባሰው። አውቀው ቢሰድቡኝ ተናዶ ነው እል ነበር። እርስዎ ግን ያሉት ለሳቅ ነው። ማንኛዋም እናት ብትሆን ግድ አልነበረዎትም።»

እውነት ነው። አንሶላውን አጥፎ ጫፉን ሊያቀብላቸው ሲቀርብ ዓይናቸውን ማየት አፈረ።

«ፈቅጃለሁ» አለ። «ይጋቡ። እኔ ማን ሆኜ ነው? ሙሉ ልቤ ነው የፈቀደው።»

«እኔ ከልክያለሁ» አሉ ሴትዮዋ።

ማሽኑ ስለሚያጓራ ተሳስቶ የሰማ መስሎት ቀና አለ።

«ትናንት ስገባ ልጄ ቦርሳዬን ተቀብሎ "እማዬ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?" አለኝ። ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። ነገርኩት። ያን የሚያህል ጎረምሳ ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ታጠበ፣ ታጠበ፣ በብሩሽ ጥፍሩን እስኪደማ ፈተገ። ያኔ ተው አልኩት። ያቺን ልጅ ተው፣ እኔ እናትህ ከልክዬሃለሁ አልኩት። እርስዎ እንዳሉትም አክባሪ ልጅ ነው፤ እያለቀሰ እሺ አለኝ።»

«ክፍሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ! ስድቤን በሰሙት ሁሉ ፊት!»

«ይጠይቁ፤ ለእርስዎ ጥሩ ነው። እኔ ግን አልኖርም።» የታጠፈውን አንሶላ ከእጁ ተቀበሉት። «ልጅዎን ጠልቼ እንዳይመስልዎት፤ እሷ ወርቅ ናት። ነገር ግን ልጄ እናንተ ቤት በገባ ቁጥር እጁን ኪሱ ውስጥ ሲደብቅ ሊኖር? እሱን ቆሜ አላይም።»

እንዴት ከዚያ እንደወጣ፣ በየት መንገድ እንደሄደ አያውቅም። መንገድ ላይ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። «እናትየዋ ከለከሉ» ቢላትስ? ውሸት የለበትም። እሱ ፈቅዷል፣ እሳቸው እምቢ ብለዋል፤ ልጅቱም በሴትዮዋ ትቀየማለች እንጂ በአባቷ አትቀየምም። ከእናቷ ሞት ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሷን ካጣ ማን አለው? በአፉ ተለማመደው። እናትየዋ ከለከሉ። ምን ይጎድለዋል? ምንም።

ሳያንኳኳ ከፈተችለት። ሥራ አልሄደችም፤ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች።

«እሺ? ምን አሉ?»

ኮቱን ለማውለቅ ሞከረ፣ እጅጌው ያዘው።

«አባዬ? እምቢ አሉ እንዴ? እሱ ነው? ማን ነው የከለከለው?»

አፉን ከፈተ። ያ የተለማመደው ዓረፍተ ነገር ምላሱ ላይ ነበር። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ግን ዋጠው።

«እኔ» አላት። «የከለከልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ያደረጉት እኔን መታዘዝ ብቻ ነው።»

ልጅቷ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። እሱም ኮቱን በግማሽ እንዳወለቀ በሩ ፊት ቆሞ ቀረ።