ቢጫው በር

«የሐዘን ቤት እኮ ነው፤ ይህ ቢጫ በር ከሩቅ ይስቃል። ሸፍኑት» አሉ የእድሩ ሴቶች አለቃ ወይዘሮ ወርቂቱ፣ ማድ ቤቱ መሀል ቆመው። አንዷ ጥቁር ጨርቅ አመጣችና ባለ ቢጫ በሩን ቁም ሳጥን ከላይ እስከ ታች አለበሰችው።

ጥሩወርቅ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ባሏ ሣህሉ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ለቀስተኛው ስለ ድንገተኛ ሞቱ ያንሾካሹካል፤ እሷን ግን ያ በር ይከነክናታል።

አሥር ዓመት ስትጨቀጭቀው ኖራለች። የማድ ቤቱ መስኮት ጠባብ፣ ግድግዳው ጥላሸት የለበሰ፣ ቁም ሳጥኑም የጠቆረ ነው። «ቀለም ቢነካው እኮ ቤቱ ይፈካ ነበር» ስትለው፣ «የምንበላው ወጡን ነው ወይስ ቁም ሳጥኑን?» ይላታል። ባለፈው መጋቢት ግን ማንም ሳይለምነው፣ ቀበሌው መስከረም ላይ ለአብዮት በዓል ቅስት ከቀባው የተረፈ አንድ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለም ለምኖ መጣ። ግራውን በር ቀባና ብሩሹን አጠበ።

«ቀኙስ?» አለችው።

«ቀለሙ አለቀ።»

ሣህሉ በመንግሥት ቡና መጋዘን ደረጃ መዳቢ ነበር። የሰርቦን ቡና ከአሰንዳቦው በጥርሱ ሰብሮ ይለያል ይሉታል። ያ አፍ ቤት ሲገባም አያርፍም፤ ጨው በዛ፣ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ቅቤው ሰንብቷል። ጥሩወርቅ «እኔ ያገባሁት ባል ሳይሆን ተቆጣጣሪ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር።

ዓምና ግን ድንገት ዝም አለ። ያቀረበችለትን አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ «ተመስገን» ብሎ ይነሳል። ተገላገልኩ ማለት ሲገባት ፈራች። ወጥ መንቀፍ የተወ ባል ልቡ ሌላ ቤት ገብቷል ብላ ደመደመች። እንዳትጠይቀው ደግሞ የራሷ ምስጢር ነበራት። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ እየጋረዳቸው ነበር። ሸክም ሆነች እንዳትባል ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ቤቷን በእጇ እየዳሰሰች፣ አንዳንዴም ጣሳ ከጣሳ እያቀያየረች ትኖር ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ጥሩወርቅ ከሰል ልታወጣ ከጆንያው ጀርባ እጇን ስትሰድ ቆርቆሮ ነካች። አነሳችው፤ ከበዳት። ነቀነቀችው፤ ተንቦጫረቀ። ከግማሽ በላይ ቀለም አለው። ዋሽቷታል ማለት ነው። የቀረውን በር ሊቀባላት እንኳ አልፈለገም ማለት ነው። ለሞተ ሰው እንዲህ መናደዷ ራሷን አሳፈራት።

ከሰዓት ከጎረቤቷ ከዙቤይዳ በቀር ሰው አልቀረም። ጥሩወርቅ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ሰልችቷት፣ «ተቀመጪ እንጂ» ብትባልም ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ጥቁሩን ጨርቅ ገለብ አድርጋ፣ ከሥሩ በዳበሳ አንዱን በር ከፈተች፤ ከውስጡ ጣሳም ስኳር ብላ በማንኪያ ጨምራ ለሁለት ቀዳች።

ዙቤይዳ አንዴ ፉት አለችና ስኒውን አስቀመጠች።

«ጥሩዬ፣ ማሎ፣ እንዳትቀየሚኝ። ቡና ቢሆን ወላሂ ዝም ብዬ እጠጣው ነበር፤ እኛ ቤት ቡና በጨው ነው። ሻይ በጨው ግን አልቻልኩም።»

«ጨው ነው እንዴ?» ጥሩወርቅ ደነገጠች። «ከመጋቢት ወዲህ እኮ ተሳስቼ አላውቅም።»

የገዛ አፏ ያወጣው ቃል መልሶ ያዛት። ከመጋቢት ወዲህ። ተነሥታ ማድ ቤት ገባች፤ ጨርቁን ይዛ ሳበችው። ያ ቢጫ በር በሞራዋ በኩል እንኳ ወለል ብሎ ታያት። ከቢጫው በር ኋላ ጨውና በርበሬ፤ ካልተቀባው ኋላ ስኳር። ጣሳዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የወተት ዱቄት ጣሳ ናቸው። ሁለቱም በር ቢቀባ ኖሮ ምን ይጠቅማት ነበር?

ዙቤይዳ ተከትላት በሩ ላይ ቆማለች። «ሣህሉ አንድ ቀን ባለቤቴን፣ አባቦራን፣ ‹ዓይኑ ለደከመ ሰው የትኛው ቀለም ቶሎ ይታየዋል?› ብሎ ጠይቆት ነበር» አለች። «እኛ ለራሱ መስሎን።»

«ዐውቆ ነበር» አለች ጥሩወርቅ። «ያን ሁሉ ጊዜ ስኳር የገባበት ወጥ አብልቼው ዝም አለኝ። እኔ ደግሞ ጠልቶኝ መስሎኝ…» ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም።

ዙቤይዳ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። ኋላ ጨርቁን ከመሬት አንሥታ አጠፈችው፤ መልሳ አላለበሰችውም። ሳሎን ገብታም ስኒዎቹን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። «ልድፋውና ሌላ ላፍላ።»

«የእኔን ተዪው» አለች ጥሩወርቅ።

ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ደፍታ፣ ፊቷን ሳታጨማድድ፣ ጨው የገባበትን ሻይ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«ተመስገን» አለችና ስኒውን አስቀመጠች።