ለፍልፍ

ወንድሜ ክንዱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቀረው ሁለት ሰዎች አላሠራ ብለውት ነው። ሰዎቹን ያያቸው የለም፤ እሱም ቢሆን የሚሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነበር።

«ወንዱ ያዝዘኛል» ይለኝ ነበር። «ሴቷ ደግሞ የምሠራውን ሁሉ ታወራለች። ‹ይኸው ጫማውን አጠለቀ፤ ይኸው ሊበላ ነው› ትላለች። የሐይቁ ነፋስ ሲነሣማ ይብስባቸዋል። ከአንች ድምፅ በምን ልለያቸው?»

እናታችን ሙሉነሽ ጠበል ወሰደችው። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማን ነህ? ከማን ጋር ነህ? ለፍልፍ!» ይሉታል። ክንዱ የሰማውን ሁሉ ይለፈልፋል። ከዚያ ቀዝቃዛው ውኃ ይፈስበታል፤ ሁለቱም እስከ ማታ ዝም ይላሉ። እስከ ማታ ብቻ። ለእሱ ግን ያም ገነት ነበር።

«ለፍልፍ ልጄ፣ የለፈለፈ ይድናል» ትለዋለች እናቴ።

ዘመኑ ሰባ ነው፤ ቀበሌው ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስቦ «ራስህን አጋልጥ» የሚልበት። መቅረት ራሱ ወንጀል ስለሆነ ክንዱን መካከላችን አድርገን ሄድን። በሩ ላይ «አፍህን እንዳትከፍት፣ በእመብርሃን» አልሁት። እሺ አለኝ።

ካድሬው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«ማን ነህ? ከማን ጋር ነህ? ተናገር! የተናዘዘ ይማራል!»

የክንዱ ፊት በራ። እጁን ብይዘው አስለቀቀኝና ተነሣ።

«ሁለት ናቸው!» አለ፣ በዚያ በጠበሉ ድምፁ። «ወንዱ አዛዥ ነው፤ ሴቷ ወሬ ታቀብላለች። ሐይቁ ዳር ይጠብቁኛል። ትናንት ‹ሊቀ መንበሩን ግደል› ብለውኛል!»

«ልጄ በሽተኛ ነው! ጠበልተኛ ነው!» ብላ እናቴ መሬት ላይ ወደቀች።

«ዛሬ የማን ልጅ ጤነኛ አለ?» አለ ካድሬው። ሰዉ ሳቀ። ግማሹ ጎረቤታችን ነበር፤ የክንዱን ሕመም ያውቃል፤ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። እግዜር ይይላቸው፣ እኔስ ይቅር አልላቸውም።

ከዚያች ቀን ወዲያ አላየነውም። ማልቀስም ተከለከልን።

ያን ዕለት ጠባቂዎቹ ከአዳራሹ ሲያወጡት አልተንፈራገጠም። የሸሚዙን ቁልፎች እየፈታ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ።

«ሸዋዬ፣ ለፈለፍሁ እኮ» አለኝ። «ውኃው የታለ?»