ሠላሳ ሁለት ያልተፈቱ ጆንያዎች

«ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ከሚል ሰው ጋር ሻይ መጠጣት አልችልም። ኮሶም ተፈጥሮ ነው፤ መጠኑን ስቶ የጠጣ ሰው ዓይኑ ጠፍቷል። ይህን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስንት ጊዜ ተናግሬ ስንት ወዳጅ እንዳጣሁ አልቆጠርኩም። አገር ቤት ሳለሁ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት አስተምር ነበር። አሁን ኒው አልባኒ፣ ለባህል ሕክምና የሚሆን ሥርና ቅጠል ከቻይና በሚያስገባ ድርጅት ውስጥ ጥራት እቆጣጠራለሁ።

ላቦራቶሪው መስኮት የለውም። የምንሠራው ሁለት ነን፤ እኔና ሐምራዊት። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ሌሊቱን ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትለይ ታድርና ጠዋት እኛ ጋ ትገባለች። ቤቴ ማንም የለም። ልጄ ከቴክሳስ በወር አንዴ ኮል ታደርግልኛለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ስለዚህ ከሰው ጋር የማወራው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከሐምራዊት ጋር ብቻ ነበር።

«ጋሼ ገብረኪዳን፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ተቆጡ?» ትለኛለች የምሳ ዕቃዋን እየከፈተች።

«ሬዲዮ ላይ የሚያወራውን ሰውዬ።»

«ሰማዎት?»

«እንዴት ይሰማኛል? መኪና ውስጥ ነበርኩ።»

«ተረፈ በሉኛ!»

ማክሰኞ ዕለት አርባ ጆንያ ፋንግ ጂ ገባ። ፋንግ ጂ ለእብጠትና ለመገጣጠሚያ ሕመም ተቀቅሎ የሚጠጣ ሥር ነው። ስሙን የሚጋራ፣ ተቆርጦ ሲደርቅም የሚመስለው ሌላ ሥር አለ፤ እሱ ኩላሊት ይጨርሳል። ሁለቱ ተቀያይረውባቸው ኩላሊታቸውን ያጡ ሰዎች ታሪክ በሙያችን መጻሕፍት ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ ደንባችን ጥብቅ ነው። ከስምንት ጆንያ ናሙና ተወስዶ በመሣሪያ ይመረመራል፤ ከዚያ በላይ ግን አርባውም አንድ በአንድ ተፈትተው በዓይን ይታያሉ። መሣሪያ የሚያየው የሰጡትን ብቻ ነው። ማሽን የሚያመልኩ ሰዎች ይህ አይገባቸውም።

ናሙናውን እኔ መረመርኩ፤ ንጹሕ ነበር። በዓይን ማየቱ የሐምራዊት ሥራ ነው። ረቡዕ ጠዋት «አርባውም ተፈትተው ታይተዋል» የሚለው ቅጽ ተፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየኝ። የእኔ ፊርማ ሲጨመርበት ጭነቱ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። የጆንያዎቹን ቁጥር ላመሳክር ወደ መጋዘኑ ወረድኩ። የሠላሳ ሁለቱ የፋብሪካ ስፌት አልተነካም።

ስፌቱን በምላጭ እየቀደድኩ ሁሉንም ከፈትኳቸው። ሠላሳዎቹ ደህና ነበሩ። በሁለቱ ውስጥ ያለው ሥር ግን ነጣ ያለና ዱቄታማ መሆን ሲገባው ጠንካራ ነው፤ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላል። ከሁለቱም ቆርጬ ጭማቂያቸውን፣ ለማነጻጸሪያ ከምናስቀምጠው ከመርዛሙ ሥር ጭማቂ ጎን፣ በመመርመሪያ መስታወት ላይ አስኬድኩት። በመብራቱ ሥር ሦስቱም ነጠብጣቦች እኩል ከፍታ ላይ ቆሙ፤ በሁለቱ ጆንያ ያለው ኩላሊት ጨራሹ ሥር ነበር።

ደሜ ፈላ። የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ሐምራዊት ከእኔ ሠላሳ እርምጃ ርቃ ምግብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣለች። አልሄድኩም። ለሥራ አስኪያጁ ለሊዮን ኢሜይል ጻፍኩ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤትም ግልባጭ አደረግኩ። «በሐሰት የተፈረመ ሰነድ» አልኩት። አራት አንቀጽ ነበር። ቆንጆ ጽሑፍ ነው ብዬ ሁለቴ አነበብኩት።

ሊዮን እዚሁ የተወለደ የእኛው ሰው ልጅ ነው፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። «ታንክ ዩ፣ አንክል» አለኝና ጭነቱን አገደ። ከዚያ ሐምራዊትን ቢሮው ጠራት። ስትወጣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ አልነበረም።

መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተልኳት።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለች ሳልጠይቃት። «አልፈታኋቸውም። ቆሜ ነበር የምተኛው። እርስዎ ስምንቱ ንጹሕ ናቸው ሲሉኝ ሳይን አደረግኩ።»

«ሰው ይሞት ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» የመኪናዋን በር ከፈተች። «ምሳ አቅርቤ እየጠበቅኩዎት ነበር። መጥተው ‹አንቺ ደደብ!› ብለው ቢጮሁብኝ፣ እኔው ፊርማዬን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ቀኑን ጽፌ፣ አብረን እንፈታቸው ነበር። አይፈቀድም?»

ይፈቀዳል። የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ከጎኑ ስምና ቀን ተጽፎ ይታረማል። ጭነቱም ቢሆን እኔ እስካልፈረምኩ ድረስ አይንቀሳቀስም ነበር።

«ተናድጄ ነው» አልኩ።

«ያልተናደዱበት ቀን መቼ ነበር?» አለች። ሁልጊዜ ይህን ስትል ትስቅ ነበር። አልሳቀችም።

ሦስት ቀን ደወልኩላት፤ አታነሳም። ሰኞ ሊዮን ቢሮ ገብቼ እንዲመልሳት ለመንኩት። ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረና የራሴን ኢሜይል አሳየኝ። ድካሟን ልንገረው፣ ሁለት ሥራ እንዳላት ላስረዳው ስሞክር ጣቱን «በሐሰት» የሚለው ቃል ላይ አሳረፈ።

ሌላ ሰው እስኪቀጠር ብቻዬን እሠራለሁ። ለሚመጣው ሰው የሚሆን መመሪያ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ፤ የሥራ ባልደረባውን ስህተት ያየ ሰው ከመጻፉ በፊት ሄዶ ይንገረው የሚል አንድ መስመር አስገባሁበት። ሊዮን አንብቦ፣ ይህ የግል ምክር እንጂ ደንብ አይደለም ብሎ አወጣው። አልተከራከርኩትም። ማውራት የፈለግኩት ከእሱ ጋር አልነበረም።